የጉበቱ ርክክብ

ቢቸና፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ንጋት፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤና ነው። እኔ ግን ዛሬ ጤናሽን ሳልጠይቅ ልጀምር ነው። ይህን ለእናትሽ ስነግራት «እስኪ ስንት መስመር እንደምትችል አያለሁ» ብላ ሳቀችብኝ። ይኸው ሦስት መስመር ቻልኩ።

ስደውል አይገባም። መጀመሪያ የማታነሺው አንቺ ነበርሽ። ቀጥሎ ኔትወርኩ ራሱ ጠፋ። አሁን ዝም ያለኝ ኔትወርኩ ይሁን አንቺ፣ መለየት አቅቶኛል። አንዳንድ ቀን ኔትወርኩ ነው ብዬ እጽናናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ይዘውልሽ የሚመጡት የየኔሰው አጎት አያ ባየ ናቸው። አዎ፣ እኒያ በኅዳር ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር አንቺን ለየኔሰው ሊለምኑ መጥተው፣ ደጃችን ላይ እንደቆሙ የተመለሱት። ትናንት ብቻቸውን መጡና እኛ ቤት አደሩ። ለምን እንደመጡ በተራው እነግርሻለሁ። ነገር በተራ በተራ ካልሄደ እንደሚምታታብኝ ታውቂያለሽ። አሁን እናትሽ ቁርስ አቅርባላቸው እየበሉ ነው። የሞጣው መኪና እስኪሞላ ድረስ ነው ጊዜ ያለኝ። በየመካከሉ ከወዲያኛው ክፍል «አምላኩ፣ ደብዳቤ ነው ወይስ ገድል ነው የምትጽፈው?» ይሉኛል።

አንደኛ፣ የቤቱ ነገር።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሁንም እነሣለሁ። ማታም አሥራ ሁለት ሲል የትም ብሆን ወደ ቤት እመጣለሁ። ቢጫዋን ኩባያሽን አለቅልቄ ውሃ እሞላለሁ። ከዚያ «ንጋት፣ ሰዓት» እላለሁ። ትንሽ ሆነሽ እንዲህ ስልሽ ዓይንሽን ሳትገልጪ መዳፍሽን ከብርድ ልብሱ ሥር ታወጪ ነበር። ከመላ ሰውነትሽ የነቃው መዳፍሽ ብቻ ነው። መድኃኒቱን አስቀምጥበታለሁ፣ መዳፉ ይገባል፣ ባዶውን ተመልሶ ይወጣል፣ ኩባያውን አስይዘዋለሁ። ትምህርት ቤት ገብተሽም፣ ከኮሌጅ ለዕረፍት ስትመጪም እንደዚያው ነበር። እንግዲህ ሞጣ መምህርት ሆነሽ ከሄድሽ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው፣ እኔ ግን አሁንም እጣራለሁ።

«ማንን ነው የምትጠራው?» ትለኛለች እናትሽ።

«ልማድ ነው» እላታለሁ።

ውሃውን መድፋት ደስ አይለኝም። ደጃፍ ያለችውን የጌሾ ችግኝ አጠጣበታለሁ። በቀን ሁለቴ ስለምትጠጣ ቁመቷ አጥሩን አልፏል። ጎረቤቶቻችን ምን አድርጋችሁባት ነው ሲሉ እናትሽ «በንጋት ውሃ ያደገች ናት» ትላቸዋለች። እነሱ የማለዳ ውሃ ማለቷ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛ፣ አንቺ ስለማታስታውሺው ነገር።

ስትወለጂ ዓይንሽ ቢጫ ነበር። «ይለቃታል» አሉን። አልለቀቀሽም። የሐሞት ቱቦሽ ሲፈጠር አልተሠራም፣ ጉበትሽ በራሷ ሐሞት እየተቃጠለች ነው ያሉን ቆይቶ ነው። ያለ አዲስ ጉበት አታድግም ተባለ። ሦስት ዓመት ሲሞላሽ ህንድ ሄድን። እንዴት እንደሄድን፣ ማን እንደረዳን ከልጅነትሽ ጀምሮ ስነግርሽ ኖሬያለሁና አልደግመውም። ያልነገርኩሽ ይኼ ነው። በአንድ ጠዋት አንቺን በአንድ በር፣ እናትሽን በሌላ በር አስገቧችሁ። በሁለቱ በሮች መካከል አንድ ወንበር ነበረች። ወንበሯን ወደ አንቺ በር ሳስጠጋት እናትሽን የተውኳት መሰለኝ። ወደ እናትሽ ሳስጠጋት አንቺን። በመጨረሻ ቆምኩ። የእናትሽን ጉበት ቁራሽ አንቺ ውስጥ አድርገው እስኪወጡ ድረስ አልተቀመጥኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእውነቱ የተቀመጥኩ አይመስለኝም።

የዚያን ሰሞን አንዲት ነርስ ሲሪንጅ በውሃ እየሞላች አስተማረችኝ። ቋንቋ አንግባባም። ሰዓቷን ታሳየኛለች፣ በጣቷ ዙሪያውን ታዞርና እዚያው ቦታ ላይ መልሳ ታቆመዋለች። ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ማታ አሥራ ሁለት። ካጓደልክ፣ ብላ ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘመም አደረገች። ያ ምልክት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ሰዎች አምላኩ ይጨነቃል ይላሉ። የነርሷን ጭንቅላት እነሱ አላዩም።

ያቺ ቁራሽ እንግዲህ አብራሽ አደገች። ከእናትሽ የተቆረጠውም መልሶ ሞላ። የግብርና ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ይህን ያህል ዘመን ስሠራ፣ ወጪ ተደርጎ መጋዘኑ ሳይጎድል የቀረ ንብረት ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ታስታውሺያለሽ፣ ግን እኔ ከወንበሩ ላይ ሆኜ እንዴት እንዳየሁት አላወቅሽም። ሕፃናት ክፍል ግድግዳው ላይ ቀጭኔ በተሣለበት አልጋ ላይ እግርሽ ተርፎ ሲንጠለጠል፣ ያ ደጉ ሐኪምሽ ሳቀና «በቃ፣ ወደ አዋቂዎች ክፍል ሂጂልኝ» አለሽ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ቀጭኔ ለምጄው ነበር።

አዲሷ ሐኪም፣ ዶክተር ሰብለ ወንጌል፣ ወጣት ናት። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገችና ወደ አንቺ ዞረች።

«የምትወስጂው መድኃኒት ምንድን ነው?»

«ታክሮሊመስ» አልኩ።

«በቀን ስንት ጊዜ?»

«በአሥራ ሁለት ሰዓት ልዩነት፣ ሁለቴ፣ ከምግብ በፊት» አልኩ።

«ጉበት የተተከለልሽ በምን ምክንያት ነበር?»

«ስትወለድ የሐሞት ቱቦዋ...»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። «አባቴ፣ የጠየቅኩት ልጅዎን ነው።»

«እኔ አሳምሬ ስለማውቀው ነው።»

«እሱን አየሁ። ለዚህ ነው ውጭ ቢጠብቁን የምለው።»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ነበር፣ አልተቀመጥኩም። ስትጨርሱ ዶክተሯ አንቺን አስፈቅዳ እኔን ለብቻ አነጋገረችኝ። በልጅነታቸው ጉበት የተተከለላቸው ልጆች አሁን እያደጉ ነው አለች፣ ይማራሉ፣ ይሠራሉ፣ ያገባሉ። «ክፉው ጊዜ እርስዎ እንደሚያስቡት ሕፃንነታቸው ብቻ አይደለም» አለችኝ። «ከቤት የሚወጡበትም ጊዜ ነው። ወላጅ ሲያስታውሰው የኖረ ልጅ ብቻውን ሲሆን አንድ ቀን ይረሳል፣ ሌላ ቀን ይሰለቸዋል። ስለማያመው የዳነ ይመስለዋል። ጉበት ደግሞ ሲያኮርፍ ቶሎ አይናገርም።»

«ታዲያ እኔ ላስታውሳት እንጂ!»

«እስከ ስንት ዓመቷ?»

አፌን ከፈትኩ። ቁጥር አጣሁ። ቁጥር ያጣሁበት ጊዜ ብዙ የለም።

ስንመለስ አንቺ በመስኮት በኩል ተቀምጠሽ ነበር። ዓባይ በረሃ ስንወርድ «አባዬ፣ ጉበቱ የማን ነው?» አልሽኝ።

«የእናትሽ ነዋ።»

«አሁንስ?»

እኔ ዝንጀሮዎቹን አሳየሁሽ። የሃያ አንድ ዓመት ሴት፣ መምህርት፣ «አየሻቸው?» እያልኩ። አንቺም አየሁ አልሽ። ከአፌ ሌላ ነገር ስትጠብቂ እንደነበር ከደጀን በኋላ ነው የገባኝ፣ ያኔ ደግሞ አንቀላፍተሽ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ኅዳር ነው። አራተኛ መሰለኝ።

ከሁለተኛ ወገን ሰምተሽዋል፣ ከእኔም ስሚው። ሽማግሌዎቹ ማለዳ ነው የመጡት። አያ ባየ፣ አቶ ፋንታ እና አንድ ቄስ። በደንቡ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ግቡ ስላቸው የመጣንበት ሳይሆን አንቀመጥም አሉ። ደንቡን እኔም አውቀዋለሁ። ይለምናሉ፣ እኔ ከዘመድ ልምከር እላለሁ፣ ቀን እሰጣለሁ፣ ይሄዳሉ። ከዚህ የበለጠ አንድ ቃል አይጨመርም። ያን ማለዳ እሱን ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ጋቢዬን እንኳ ሁለት ጊዜ አጣፋሁ።

ግን አቶ ፋንታ «ዘሩንም ጠባዩንም ጠይቀን ነው የመጣነው፤ በልጅቷ አንዲት እንከን አላገኘንም» አሉ። ሁልጊዜ የሚባል ነገር ነው። እኔ ግን እንደ ግምጃ ቤት ሰው ሰማሁት። ግምጃ ቤት ውስጥ የተበላሸ ዕቃ እያለ ሙሉ ነው ብለሽ ዝም ካልሽ፣ ዝምታሽ ፊርማ ነው። በኋላ ተረካቢው ከረጢቱን ሲፈታ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ነገ ሞጣ ላይ ብታመሚብኝና «ሳትነግሩን» ቢሉሽስ? ኮሶ አጠጥተው ቢፈጁሽስ? ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈብኝ። «ቆዩኝ» አልኳቸውና ፋይልሽን አመጣሁ።

አነበብኩላቸው፣ ንጋት። ከህንድ ጀምሬ። ቀዶ ጥገናውን፣ መድኃኒቱን፣ መድኃኒቱ ሰውነትሽ ጉበቱን እንዳይገፋው ሲል ከበሽታ የሚከላከለውን ኃይልሽን እንደሚያደክመው፣ ኩላሊትሽ በየጊዜው መታየት እንዳለበት። እነሱ ቆመዋል። እንዳይቀመጡ ደንቡ ይዟቸዋል፣ እንዳይሄዱ እኔ ይዣቸዋለሁ። ፀሐዩ ከደጃፉ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ወጣ።

አያ ባየ በትራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛውረው «አቶ አምላኩ፣ እኛ እኮ ማዳበሪያ ልንረከብ አልመጣንም» አሉ።

አቶ ፋንታ «ልጅ ልንለምን ወጥተን ሐኪም ቤት ገባን» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ቄሱ ብቻ በጽሞና ያዳምጡ ነበር። ሲወጡ ወደኋላ ቀረት ብለው «ስለ ኩላሊት ያልከው ነገር፣ ሌሊት ሌሊት መነሣትም አለበት?» ብለው ጠየቁኝ። የሚያውቀውን ያህል ለማንም የሚናገር አፍ አለኝና እሳቸውንም መከርኳቸው።

እናትሽ ሁሉንም ከጓዳ ሰምታለች። ከሄዱ በኋላ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። «ጉበቱን የሰጠኋት እኔ» አለች፣ «ጭንቀቱን የሰጠሃት አንተ። እኔ ሰጥቼ ዝም አልኩ። አንተ ግን የሰጠሃትን ዞረህ ለሰው ትነግራለህ።»

ማታ ደወልሽ። አልጮኽሽም፣ ብትጮኺ ይሻለኝ ነበር። «አባዬ፣ ገላዬን ነው ያነበብክላቸው» አልሽ።

«እንዳይሸሸግ ብዬ ነው» አልኩሽ።

«ማን ሸሸገ? ለየኔሰው ገና ስንተዋወቅ ነግሬዋለሁ። ለእናቱ የምነግራት እኔ ነበርኩ። ቀኑን መርጬ ነበር። የገና ዋዜማ ሄጄ፣ ለዶሮው ሽንኩርት አብረን እየላጥን ልነግራት። ብናለቅስ እንኳን ሽንኩርቱ ነው እንል ነበር።»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ገናም አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ። እናትሽ ለገና ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት ላጥኩ። ቢላዋ ብቻ አቀበለችኝ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሽ፣ መስከረም ሲጠባ እንደልማዴ ለአዲሱ አስተማሪሽ ሁሉን ልነግር ስመጣ በሩ ላይ ጠብቀሽ «ዘንድሮ አትግባ» ብለሽኝ ነበር። ገባሁ። አስተማሪው ለክፍሉ ተናገረ። ያን ዓመት ብቻሽን ትቀመጪ እንደነበር ያወቅሁት ሰርተፊኬት ስትቀበዪ ነው። እኔ አንቺን ለመጠበቅ በሄድኩበት ሁሉ አንቺ ብቻሽን ትቀሪያለሽ። ይህን ለመጻፍ ብዕሬን ሦስቴ አስቀምጬ አነሣሁ።

እንግዲህ የአያ ባየ ነገር።

ትናንት ሲመጡ በዚያው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ግቡ ስላቸው «ዛሬስ ላልቀመጥ አልማልኩም፣ ጉልበቴ ያንተን ንባብ ሁለተኛ አይችልም» ብለው ገቡ። የየኔሰው እናት እህታቸው ናት። ስትሰማ «ለልጄ በሽተኛ» ብላ አልቅሳለች። የኔሰው ደግሞ «ከሁላችሁም በፊት አውቄያለሁ፣ ሐሳቤም ያው ነው» ብሎ ከቤት ወጥቶ ጓደኛው ጋር እያደረ ነው። አንቺ ይህን ታውቂ ይሆናል። ሁዳዴ ሳይገባ ነገሩ መቋጫ ይኑረው ብለው ዘመዶቹ አያ ባየን ልከዋቸዋል።

«ሁለት ጥያቄ ነው ያለኝ» አሉ። «ትወልዳለች ወይ? ሁለተኛው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዕድሜ አላት ወይ?»

ንጋት፣ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ዶክተሯ መውለድ ትችያለሽ፣ ግን ከማሰብሽ አንድ ዓመት ቀድመሽ ንገሪኝ፣ መድኃኒቱ መታየት አለበት እንዳለችሽ ለእናትሽ ስትነግሪያት ከበር ጀርባ ሰምቻለሁ። (ይህን እንደሰማሁ አታውቂም ነበር። አሁን አወቅሽ።) ስለ ዕድሜም ያለችውን አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ከፈቀደና ከተጠነቀቀች እንደማንኛችንም። ፋይሉ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፣ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። አፌ ተከፍቶ ነበር። ከጓዳ የሙቀጫው ድምፅ ሲቆም ሰማሁ። እናትሽ እያዳመጠች ነው።

«አያ ባየ» አልኩ፣ «ይህን የምትመልሰው እሷ ናት። እኔ አይደለሁም።»

«አባት አይደለህ እንዴ?»

«ነኝ። ሰውነቱ ግን የእሷ ነው።»

ሽማግሌው ብዙ አዩኝ። «ባለፈው ሳንጠይቅህ ነገርከን። ዛሬ ከሞጣ ግንደወይን፣ ከግንደወይን ቢቸና በዚህ መንገድ ተንገላትቼ መጥቼ ስጠይቅህ ዘጋህ። አንተ ሰው፣ በሽተኛው አንተ ሳትሆን አትቀርም።»

«እሱስ እውነትዎን ነው» አለች እናትሽ ከጓዳ።

«ታዲያ እኔ በዚህ ሽበቴ ከልጅቷ ጋር ስለ ማሕፀን ላወራ ነው?»

«እርስዎ ምን አገባዎት። የየኔሰው እናት ትጠይቃት። ቤቷ ትጥራት፣ ሽንኩርት ይላጡ።»

«ሽንኩርቱን ደግሞ ከየት አመጣኸው?»

አልነገርኳቸውም። አየሽ፣ አንድ ነገር ሳልናገር ዋልኩ። ሙቀጫው እንደገና መውቀጥ ጀመረ።

ልጄ፣ አልደብቅሽም፣ በዚህ ሁሉ ወራት የፈራሁት ሠርጉ ይቀራል ብዬ አልነበረም። ሌላ ነበር። ከእኔ የተቀበልሽውን ሁሉ ከንዴትሽ ጋር አብረሽ እንዳትወረውሪው ነው። መድኃኒቱን እኔ ነኝ መዳፍሽ ላይ ሳስቀምጥ የኖርኩት። እኔን ስታኮርፊ እሱንም ብታኮርፊውስ? ማታ አሥራ ሁለት ሲል ሞጣ ውስጥ ምን እያደረገች ነው እያልኩ ጌሾዋ ሥር ቆሜ እቀር ነበር። የነርሷ ጭንቅላት ዘመም ሲል ይታየኛል።

ዛሬ ጠዋት ግን አያ ባየ ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ እኔ ኩባያሽን ይዤ ስወጣ አዩኝ። «ንጋት፣ ሰዓት» ማለቴንም ሰሙ። ፎጣውን ይዘው ቆሙ።

«እናንተ ቤት ይህ ሰዓት የምትሉት ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ። «ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ልጅቷን በዓይኔ ልያት ብዬ ቤቷ ሄጄ ነበር። የተከራየችባት ወይዘሮ ይርጋነሽም ነበረች። ልጅቷ ሻይ አፍልታልን ጨዋታው ደርቶ ሳለ ቀልዴን እንኳ ሳታስጨርሰኝ ድንገት ብድግ አለች። ጓዳ ገባች፣ ውሃ ጠጥታ ተመለሰች። ምነው ልጄ ብላት፣ ‹ሰዓት› አለችኝ። በቃ፣ ሰዓት። ይርጋነሽን ብጠይቃት ‹ሁልጊዜም እንዲህ ናት፣ ደብረ ታቦርን ጨፍረን ስንመለስ እንኳ መንገድ ላይ አስቁማናለች› አለችኝ።»

ውሃውን ለጌሾዋ ላፈስስ ሄድኩ። ከዚያ እዚያው ቆየሁ። አያ ባየ ለእናትሽ «ባልሽ ከዛፍ ጋር እያወራ ነው» ሲሏት ሰማሁ።

እኔ ግምጃ ቤት ስሠራ ርክክብ እንዴት እንደሚደረግ ማንም አያስተምረኝም። አስረካቢ ይቆጥራል፣ ተረካቢ እያየ ይቆጥራል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። በኅዳር እኔ ለሽማግሌ ላስረክብ ቆምኩ። ንብረቱም የእኔ አልነበረም፣ ተረካቢዎቹም እነሱ አልነበሩም። ለካ አንቺ መቼ እንደሆነ ሳላይ፣ ምናልባት ሞጣ በገባሽ በመጀመሪያው ማታ፣ ብቻሽን ቆጥረሽ ተረክበሻል። እኔ ነኝ ሳልፈርም የቀረሁት።

እንግዲህ ደንቡን ልጨርስ።

ከህንድ ጀምሮ ያለው የምርመራ ወረቀትሽ ሁሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል። አያ ባየ እንዳይፈቱት በሲባጎ ቋጥሬዋለሁ፣ ከእንግዲህ ግን ንባብ የሚሉት ነገር የሚያዩ አይመስለኝም። እኔ ዘንድ ቅጂ አላስቀረሁም። አንዲት ወረቀት ብቻ ልደብቅ ነበር፣ በስድስት ዓመትሽ ዶክተሩ ጀርባዋ ላይ ፀሐይ እንድትሥዪበት የሰጠሽን። እሷንም ከተትኳት።

የካቲት ላይ ያለሽ ቀጠሮ የአንቺ ነው። ዶክተሯ ስልኬን አጥፍታ የአንቺን ብቻ እንድትይዝ ንገሪያት። የኩላሊቱን ውጤት ልትነግሪኝ ከፈለግሽ ትነግሪኛለሽ።

ለየኔሰው እናት ምን እንደምትይ፣ ማግባት አለማግባትሽ፣ መውለድ አለመውለድሽ፣ እኔ ዘንድ መልስ የለም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሞጣ ሂድ እላለሁ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሁለቱንም አስረክቤያለሁ። ውሃውን ግን መሙላቴን አልተውም፤ ጌሾዋ ለምዳለች።

ጭንቀቱ በርክክቡ ውስጥ የለም። እሱ የግል ንብረቴ ነው፤ በስሜ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለቀጠሮሽ ስትሄጂ መኪናው ቢቸና መናኸሪያ ይቆማል። እዚያ እገኛለሁ። አልሳፈርም። ምን በላሽ አልልም። አንቺ ሁልጊዜ «አባዬ ሰላም ሲለኝ እንኳ ዓይኔን ነው የሚመረምረው» ትያለሽ። እውነትሽን ነው። ሕፃን ሳለሽ ነጩ ቢጫ ሆኖ ካየሁት ወዲህ ፊትሽን ሳየው ከዓይንሽ ነጭ አልፌ አላውቅም። የቀኝ ቅንድብሽ ላይ ትንሽ ጠባሳ እንዳለች እናትሽ ባለፈው ነገረችኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ዘንድሮ በመስኮቱ ብቅ ስትይልኝ ለቢጫ አይደለም የማይሽ። ናፍቀሽኝ ነው የማይሽ። መስኮቱን ባትከፍቺውም መስታወቱ ይበቃኛል።

አያ ባየ ጫማቸውን እያሰሩ ነው። «ገድሉ አለቀ?» ይላሉ። አልቋል በላቸው ትለኛለች እናትሽ፣ የእሷም ሰላምታ ብዙ ነው። በርበሬ ልካልሻለች። ሽንኩርት ሞጣ አይጠፋም ብላለች።

ከመጀመሪያ ያቆየሁት አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። እንደ ጎረቤት፣ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ጸሐፊ ነው የምጠይቅሽ፤ ውጤት አልፈልግም።

ጤናሽ እንዴት ነው?

የተረካቢውን ቦታ ባዶ አልተውኩትም። ባለፈው ክረምት በረሃው ላይ የጠየቅሽኝንም ዛሬ መለስኩ፤ የአንቺ ነው። እነሆ እኔም ፈረምኩ።

ተረካቢ፦ ንጋት፣ ሞጣ፣ ቀደም ብሎ

አስረካቢ፦ አባትሽ አምላኩ፣ ቢቸና፣ ዘግይቶ